የኦቦ ገቢሳ አንድ ደቂቃ

በመናኸሪያው ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግን ሁሉ የሚያውቃት፣ ግን ማንም ጮክ ብሎ የማይናገራት አንዲት ልማድ ነበረች። አዲስ ሃርድ ዲስክ የገጠመ ሰው አሮጌውን ይወስዳል። ባለቤቱ «ውሰደው፣ ለኔ ምን ያደርግልኛል» ይላል፤ ጠጋኙ «ውስጡን አጠፋዋለሁ፣ አያስቡ» ይላል። ባለቤቱ ደጁን ሲለቅ ግን ጠጋኙ ዲስኩን ይሰካና ውስጡን ይበረብራል። ለክፋት አይደለም፤ ዘፈን ፍለጋ ነው። ያኔ ቴሌግራም ገና በሁሉም ስልክ ላይ አልገባም፤ የጥገና ቤት ግማሹ እንጀራ በሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን መጫን ነበር። ጎረቤቱ ጋ የሌለ ዘፈን ያገኘ፣ ያን ሳምንት ጌታ ነው።

ዘሩባቤልም እንደ ሌላው ሁሉ ይቺን ልማድ ይሠራባት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገርለት፣ ኋላ ስትሰድቡት እንድታስቡለት። ሥራው የታመነ፣ አንዲት ብሎን ብትወድቅበት ተንበርክኮ ሳያገኛት የማይነሣ ሰው ነው። ከሰው ዕቃ ላይ ሽቦ አይቀንስም። የሰው ድምፅም ዕቃ መሆኑን ግን አንድ ቀን ቆም ብሎ አላሰበበትም።

አንድ ጠዋት እትዬ እንግዳወርቅ በባጃጅ መጡ። ያንን ትልቅ ጥቁር ሲፒዩ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በነጠላ ሸፍነው፣ በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። ዘሩባቤል ሮጦ ተቀበላቸው። አራተኛ ክፍል ያስተማሩት መምህሩ ናቸው። በዚያ ዕድሜው የጓደኛውን እርሳስ ሰርቆ ሲይዙት «መልሰህ አስቀምጥ» ብለውት፣ ለእናቱም ለማንም ሳይናገሩ የቀሩ ሴትዮ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ሰው አይረሳም።

«አካም ቡልተን፣ እትዬ!» አላቸው። ከባላቸው ከኦቦ ገቢሳ ጋር ዕድሜያቸውን ስለኖሩ በኦሮምኛ ሰላም ሲሏቸው ደስ እንደሚላቸው ያውቃል።

«ናጋ፣ ዘሩዬ፣ ናጋ። ይኼ ነገር ሊሞትብኝ ነው። ሲከፈት ግማሽ ሰዓት ያቃስታል፣ ከዚያ ‹ሞልቻለሁ› ይለኛል። ውስጡም ቀጭ ቀጭ ይላል።»

ዘሩባቤል ጆሮውን አስጠግቶ አደመጠ። ዲስኩ ነው፤ አርጅቷል፣ ጠባብም ነው። «እትዬ፣ ለዚህ ከምናወጣ አዲስ ኮምፒውተር አይሻልም?»

«አዲስ አልፈልግም። የገቢሳ ድምፅ አለበት።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ታሞ ቤት ከዋለ በኋላ ማታ ማታ እዚህ ፊት ተቀምጦ ሲያንጎራጉር ይቀዳ ነበር። ከዚህ ወጥቶ ሌላ ቤት ሲገባ ደግሞ ድምፁ የሚጠፋ ይመስለኛል። ትልቅ ነገር ግጠምለትና እዚያው በቤቱ ይቀመጥ።»

ኦቦ ገቢሳ የመንገድ ግሬደር ነጂ ነበሩ። ከአምቦ እስከ ወንጪ፣ ከጉደር ወዲያም ወዲህም ያልጠረጉት አፈር የለም፤ ሚያዝያ ላይ ነው ያረፉት። ዘሩባቤል ለቅሶ ደርሶ፣ ድንኳን ውስጥ ኤሌክትሪክ የዘረጋው እሱ ነበር።

ሥራውን ምን ብዬ ላሞግስለት! የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ዲስክ የሚገጠምበት ጠፍጣፋ ሰፊ ገመድ ዛሬ ከየት ይገኛል? አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው ደውሎ፣ መርካቶ አስፈልጎ፣ ለዚያው ገመድ የሚሆን ባለ ብዙ ቦታ ዲስክ በአውቶቡስ አስመጣ። ሳጥኑን ከፍቶ የዓመታት አቧራ በብስክሌት ፓምፕ ነፋ። ሁለቱን ዲስኮች ጎን ለጎን ሰክቶ፣ ያ አሮጌው ሲያቃስት ልቡ ተንጠልጥሎ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ወደ አዲሱ ገለበጠ። የድምፁን ፎልደር እንደገና ቆጠረው፣ አመሳከረው። ከዚያ ገጥሞ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ ቤታቸው ድረስ ወስዶ ሰካላቸው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ገና ሻይ ሳይቀዳ ተነሣ።

እትዬ እንግዳወርቅ የኦቦ ገቢሳን አንድ ሁለት ቃል ከሰሙ በኋላ ዘጉትና ዓይናቸውን ጠረጉ። «እጅህ ይባረክ። አንተ ባትኖር ማንን አምኜ እሰጥ ነበር?» አሉት። ወጥቶ ሲሄድ ስለ አሮጌው ዲስክ ተናገሩ። «ያንን እንደ ወጋችሁ ውሰደው። ግን ልጄ፣ አጥፋልኝ። የቤት ነገር ነው።»

«ዛሬውኑ፣ እትዬ» አለ።

ዛሬውኑ! ሱቁ ገብቶ ሰካው እንጂ አላጠፋውም። እጁ ለምዶ ነው እንበል? እንበል። ግን «አጥፋልኝ» የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ገና ሳይቀዘቅዝ ነው ፎልደሩን የከፈተው።

የድሮው ኮምፒውተር የድምፅ መቅጃ በአንድ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቀዳም ነበር። ደቂቃዋ ስትሞላ ሳያስጠነቅቅ ቀጥ ይላል። ኦቦ ገቢሳም ያንን ማስተካከል ስለማያውቁ እንጉርጉሯቸውን ሁሉ በየደቂቃው ቆርጠው ነው ያስቀመጡት። አንዱ ፋይል ላይ ይዘፍናሉ፣ ይቋረጣሉ፤ ቀጣዩ ላይ «ይቺ ደሞ አታስጨርስም!» ብለው ከተቋረጡበት ይቀጥላሉ። ዘሩባቤል አንዱን ከፈተ፤ ሳል ነው። ሌላውን ከፈተ፤ ያኔ ያ ወፍራም ድምፅ፣ ጣታቸው ጠረጴዛውን እየመታ፣ እንዲህ ሲል መጣ፦

«መንገዱን ጠርጌ አሳድጌሽ ልጄ፣
በጠረግኩት መንገድ ወሰደሽ ከደጄ።
ሾፌርን ብትፈልጊ ወዴት ይገኛል፣
ምሳ ጉደር በልቶ እንጭኒ ይተኛል።»

ከዚያ ስለ ሾፌር ጫት፣ ስለ ሾፌር ቃል፣ ስለ ሾፌር ብዙ ሚስት እያነሱ ደቂቃዋን ሞሏት። ዘሩባቤል ወንበሩ ላይ ተንፈራፈረ። በሳቅ እንባው መጣ። የቀረውን ሊሰማ ሲል ስልክ የሚያሠራ ሰው ገባ። ያቺን አንዷን ደቂቃ «ሾፌር» ብሎ ሰይሞ ወደ ዘፈን ፎልደሩ ወረወራት፤ የቀረውን ሳይሰማ ዲስኩን ፎርማት አደረገው። ቃሉን ጠበቀ ማለት ነው! እንዲህ ነው ራሱን የሸነገለው።

መጀመሪያ ለአንድ ባጃጅ ነጂ አሰማው፣ ለጨዋታ። ልጁ በሳቅ ፈንድቶ «ጫንልኝ!» አለ። በማግስቱ ሌላው መጣ። ሾፌር ራሱ ሾፌር የተሰደበበትን ዘፈን እንደሚወድ ማን ያውቅ ነበር? በሳምንት ውስጥ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ያለ ባጃጅ ሁሉ «ምሳ ጉደር በልቶ» ይላል። ሚኒባሶቹ ያዙት። ረዳቶች ሒሳብ ሲሰበስቡ ያዜሙታል። አንዱ የስልኩ መጥሪያ አደረገው። ሰው ሁሉ «ይሄ ሽማግሌ ማነው?» ይላል፤ ዘሩባቤል ትከሻውን ይነቀንቃል። ደስ ብሎት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ብቻ እትዬ እንግዳወርቅ በሱቁ በኩል ሲያልፉ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ያኔ እጁን የምታንቀሳቅሰውን ያችን ጥፋቱን ስሟን ሳይጠራት ነው የኖረ።

ስሟን የጠሩለት በጉደር መንገድ ላይ ነው። ጉደር ባለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አታሚ ማሽን ሊያይ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጋቢና ገባ። ሾፌሩ ዝምተኛ፣ ጢሙን ያልተላጨ ጎልማሳ ነው። ገና ከአምቦ ሳይወጡ ከፊት የሚመጣ ሚኒባስ መብራቱን ብልጭ አደረገና ነጂው አንገቱን አውጥቶ «ጉርሙ! እንጭኒ ነው ዛሬ የምትተኛው?» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሳቀ። ሾፌሩ መሪውን ጨብጦ ፊቱን አላዞረም።

ዘሩባቤል ጉደር ሲወርድ ረዳቱን ጠጋ ብሎ ጠየቀው፦ «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው? ዘፈኗን አይወዳትም?»

«ኧረ ተወው ወንድሜ፣ ጉድ ነው» አለ ረዳቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዘፋኙ የሚስቱ አባት ነው። ሴትዮዋ የጎረቤት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ የሞተ አባቷን ድምፅ ሰማች። አስባት። ተሳፋሪው ይስቃል፣ እሷ ‹አባዬ› ብላ ትጮሃለች። ሽማግሌው ሾፌር አገባች ብሎ አኩርፏት ነበር አሉ። እናቷ ‹ሲሞት መርቆሻል› ብላ ነግራት፣ ያንን አምና ነው ለቅሶዋን የጨረሰችው። ይኼው የመረቀው! አሁን እናቷን ‹ዋሸሽኝ› ብላ እግሯን ካምቦ አነሣች።»

ዘሩባቤል ክው አለ። አታሚ ማሽኑን እንዴት እንደጠገነው አያውቅም። በመልስ ጉዞ ላይ ከኋላ ወንበር ተወሽቆ፣ ሰው ሁሉ ግንባሩን የሚያነብበት እየመሰለው ተመለሰ። ሱቁ ገብቶ ፋይሉን አጠፋው። ምን ዋጋ አለው? በሩ ላይ ቆማ የነበረች ባጃጅ እሷኑ እየዘፈነች ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘፈን ሊያስጭን ለመጣ ሁሉ «ስልክህ ቫይረስ አለው፣ ላጽዳልህ» እያለ «ሾፌር»ን መሰረዝ ጀመረ። ሰዎቹ በማግስቱ ከጓደኛቸው ተቀብለው ይጭኑታል። አንዱማ ተመልሶ መጥቶ «አንተ ጋ ነው አሉ ጥራት ያለው» አለው።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ እንግዳወርቅ ሱቁ ድረስ መጡ። ከስተዋል። ወንበር ሰጣቸው፤ አልተቀመጡም።

«ዘሩዬ፣ የገቢሳ ሙት ዓመት ደርሷል። ድንኳኑ ውስጥ ስፒከር ታዘጋጅልኛለህ?»

«እሺ፣ እትዬ። ምን ጥያቄ አለው።»

«ሰውስ ይመጣል። ጂቱ ናት ግን...» የነጠላቸውን ጥለት ጠመዘዙ። «ልጄ ስልኬን አታነሣም። ሰው ብልክባት ‹አልመጣም› አለች። ለአባቷ ሙት ዓመት! ምን አድርጌያት ነው? ገቢሳ የመጨረሻውን ለሷ ተናግሮ ነው የሄደው። ሙት ዓመቱ ዕለት፣ ሐዘኑ ሲወጣላት ላሰማት ብዬ ነበር ያቆየሁት፤ ለዚያም ነው ያንተን ሱቅ የረገጥኩት። አንተ እንኳ እስቲ ንገረኝ፣ ምን በደልኳት?»

አሁን መናገር ነበረበት! አፉን ከፈተ። «አይ፣ እትዬ... ትመጣለች፣ አይዞዎት» ነው የወጣው። እሳቸው «ተባረክ» ብለውት ወጡ። ያቺ ምርቃት ከስድብ ሁሉ የባሰች ነበረች። ያን ዕለት ምሳ አልበላም። እኔ ብሆን እራትም አልበላም ነበር።

በማግስቱ «ዲስኩ እንዴት ነው፣ ልየው ብዬ» ብሎ ቤታቸው ሄደ። ደስ አላቸው፤ «ሥራውን የማይረሳ ሰው!» ብለው አስገቡትና ሻይ ሊያፈሉ ወደ ጓዳ ዘለቁ። ፈጥኖ የድምፁን ፎልደር ወደ ፍላሹ ገለበጠ። ከጓዳ «ስኳር ላብዛልህ ወይስ ላሳንስልህ?» ሲሉት «አሳንሱልኝ» ብሎ ፍላሹን ኪሱ ከተተ። ለሁለተኛ ጊዜ መስረቁ ነበር፤ የመጀመሪያውን ሊመልስ ሲል። ሻዩን እያቃጠለው ጠጣው።

ሱቁን ቆልፎ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ሁሉንም ሰማ። የመጨረሻዎቹ ላይ ሲደርስ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። እነዚያን ያኔ ሰምቷቸው ቢሆን ኖሮ! ቀጥለው እኮ ነበሩ። ትንሽ ወረድ ብለው።

ጂቱ ጉደር ካምፓሱ አጠገብ ዳቦ ቤት አላት። ዘሩባቤል ሲደርስ ባሏ ጉርሙ የዱቄት ጆንያ እያወረደላት ነበር። በሁለቱም ፊት ቆሞ «ያቺን ዘፈን ያሰራጨኋት እኔ ነኝ» አለ፣ ሳይቀመጥ፣ ሰላም ሳይል። ከሰላምታ ቢጀምር እንደማይናገረው አውቆታል።

ጉርሙ ጆንያውን አስቀመጠ። ወደሱ አንድ እርምጃ መጣ። ጂቱ በእጇ ከለከለችው። «ከየት አገኘኸው?» አለች።

«ከእናትሽ ኮምፒውተር። አዲስ ዲስክ ገጥሜ አሮጌውን ወሰድኩ። አጥፋው አሉኝ፣ ሳላጠፋ በረበርኩት። ቀልድ መሰለኝ። አንዷን ደቂቃ ብቻ ነው የሰማሁ። እሳቸው ምንም አያውቁም። ቀሪው ይኼው።» ፍላሹን ዘረጋላት።

ጂቱ ፍላሹን አየችው እንጂ አልተቀበለችም። እንደ እናቷ ረጋ ያለች ናት፤ ጮኻ ብትሰድበው ይቀለው ነበር። «ጉርሙ፣ መኪናው ውስጥ ክፈተው» አለች። ሦስቱም ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ። ዘሩባቤል በሩ ጋ ተቀመጠ።

ኦቦ ገቢሳ ስለ ሾፌር ያለውን ሲሉ ጉርሙ መሪውን ይመለከት ነበር። ደቂቃዋ ቀጥ አለች። ቀጣይዋ መጣች፤ ሳል፣ ከዚያ «አልጨረስኩም እኮ!»፤ ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። እንጉርጉሮው ቀርቶ ወሬ ሆነ። «ሾፌር ሾፌር የምለው ራሴን ነው። እንግዳወርቅ ልጅ ስታሳድግ እኔ የት ነበርኩ? ድንኳን ውስጥ፣ ግሬደር ሥር። ልጄም እንደናቷ ደጅ ደጁን ስታይ ትኖራለች ብዬ ፈራሁ እንጂ ባሏማ ምን በደለኝ? ሐኪም ቤት የወሰደኝ መኪና የማን እንደሆነ የማላውቅ መስሎታል። ራሱ እንዳይመጣ አፈረኝ፣ ጓደኛውን ላከ። ወንበሩ ላይ ጋቢ አንጥፈውልኛል። ጋቢው የጂቱ ነው። እኔ ነኝ የገዛሁላት፣ እንጭኒ ገበያ። ልጄን በጋቢዋ አውቄ ዝም አልኩ። ይኼ አፌ...» ቀጥ አለ። ቀጣይዋ፦ «ይቺ ነገር ሊያናድደኝ ነው። ኤቢፈሚ፣ ጂቱ ኮ። ተባረኪ። ጉርሙም ይባረክ። መንገድ ጠርጌ ያሳደግኩሽ ለሱው ይሆን? በደህና ይመላልስሽ።» ከዚያ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማና አበቃ።

ጂቱ አለቀሰች። ጉርሙ ወርዶ ከመኪናው ኋላ ቆመ። ዘሩባቤል «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «ፍላሹ ላንቺ ነው። አሁን ወደ እናትሽ ትሄጃለሽ፣ አይደል?»

ጂቱ ዓይኗን ጠርጋ ትክ ብላ አየችው። «ስድቡን ላገር ሰጥተህ፣ ምርቃቱን ለኔ ብቻ ደብቀህ አመጣህልኝ?» አለችው።

ጉርሙ ወደቆመበት በእጇ አመለከተች።

«ባሌን በየመንገዱ እንጭኒ እንጭኒ እያሉ ይጠሩታል። እነሱ ይኼን መቼ ሰሙ? ለናቴ ንገራት። እናቴ ከፈቀደች የሰሙት ሁሉ ይስሙት። እኔ እሄዳለሁ፤ እናቴን በከንቱ ነው የቀየምኳት። የኔን ይቅርታ እኔ እጠይቃለሁ፣ ያንተን አንተ ጠይቅ።»

ከጉደር አምቦ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ለዘሩባቤል ግን መንገዱ አልበቃ አለው፤ ምነው በረዘመ። እትዬ እንግዳወርቅ ግቢያቸው ውስጥ ጌሾ ያሰጡ ነበር። ሲያዩት ፊታቸው በራ። «ዘሩዬ!» አሉ። ያን ፊት ሲያጠፋው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። ሁሉንም ነገራቸው፤ አሮጌውን ዲስክ፣ ዘፈኑን፣ ባጃጁን፣ ዲስኩን ልይ ብሎ መጥቶ የገለበጠውንም ጭምር።

እትዬ እንግዳወርቅ ጌሾውን በእጃቸው መዳፍ አስተካከሉ። «ይኼ ሁሉ ሰው ሲስቅ የነበረው በገቢሳ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔም ገበያ ስሄድ ሲዘፈን ከሩቅ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ከደከመ ቆየ፤ የማን እንደሆነ አልለየሁም።» እጃቸውን ከጌሾው አነሡ። «የባሌን ድምፅ በገበያ መሀል አልፌው ሄድኩ እኮ!»

ዘሩባቤል እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። «ተው፣ ተነሥ» አሉት። አልጮኹም። «እርሳሱን እንዲያው መልስ ብዬህ ነበር። ይኼን ወዴት ትመልሰዋለህ?» ከዚያ ጂቱ ያለችውን ጠየቁትና ነገራቸው። «እሷ እንዳለችው ይሁን። ሙት ዓመቱ ዕለት ታሰማለህ። ግን መጀመሪያ ያሰራጨኸው አንተ መሆንክን በአፍህ ትናገራለህ።»

የሙት ዓመቱ ዕለት ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ማዕድ ባርከው ከሄዱ በኋላ ድንኳኑ ገና ሙሉ ነበር። የጉርሙ ጓደኞች፣ ሾፌሮቹ፣ የባጃጅ ልጆች ሁሉ መጥተዋል። ጂቱ እናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ አልተነሣችም፤ ሁለቱ ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም፤ መስማትም አልነበረበትም።

ዘሩባቤል ማይክ ይዞ ተነሣ። «ያቺ የሾፌር ዘፈን... የኦቦ ገቢሳ ናት። ከቤታቸው ሰርቄ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ቆርጬም ነው ያወጣኋት። ቀሪዋን ስሙ» አለ። ሌላ ማለት አልቻለም። አንድ የባጃጅ ልጅ «አንተ ነህ እንዴ!» ብሎ ሳቀና፣ ማንም ሳይከተለው ሲቀር አፉን ዘጋ።

የመጀመሪያዋ ደቂቃ ስትጀምር ሰው ከልማዱ አብሮ ሊያዜም ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «እንጭኒ ይተኛል» ላይ ጉርሙ ራሱ ፈገግ አለ። ከዚያ የቀሩት መጡ። ጋቢው ላይ ሲደርስ ድንኳኑ ውስጥ ሳል እንኳ አልነበረም። «ጉርሙም ይባረክ» ሲባል በዘፈኑ ያላግጥበት የነበረ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ተነሥቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ሄዶ ጉርሙን ሳመው። ጂቱ ፊቷን በእናቷ ነጠላ ሸፈነች።

ዘሩባቤል ገመዶቹን ጠቅልሎ በድንኳኑ ጥግ ሹልክ ሊል ሲል እትዬ እንግዳወርቅ ጠሩት። በራሳቸው እጅ ሳህን ይዘው፣ እንጀራውን አጥፈው፣ ወጡን ከመሀል ጨልፈው አመጡለት። አጠገባቸው ቦታ አስለቅቀው አስቀመጡት። ሰው ሁሉ ያያል።

«ብላ፣ ልጄ» አሉት። «እውነቱን ተናግረሃል። በኔ በኩል ቂም የለብኝም፣ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ።»

ዘሩባቤል አንድ ጉርሻ አንሥቶ ወደ አፉ ሲያደርስ እትዬ እንግዳወርቅ ጎንበስ ብለው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ ያው በለመደው የአስተማሪነት እርጋታ ጨመሩ።

«ኮምፒውተሩን ግን ከእንግዲህ ሌላ ሰው ነው የሚያይልኝ።»